የአቼቶና የማር ዶሮ

እናቴ ከታይፎይድ ስትነሣ ትኩሳቱ ለቀቃት፣ ራስ ምታቱ ተዋት፣ እንቅልፏም ተስተካከለ። ያልተመለሰላት የምግብ ጣዕምና ሽታ ብቻ ነበር። ሽሮ ብሠራላት፣ ፓስታ ብቀቅልላት፣ አጃ ባፈላላት መልሷ አንድ ነው። «እንጨት እንጨት ይለኛል» ትልና ሳህኑን በሁለት ጣቷ ገፋ ታደርገዋለች። አንዳንድ ቀን እኔን ላለማስቀየም ሁለት ሦስት ጉርሻ ትውጣለች። ጥሩ ቀን የምንለው ያንን ነበር።

ሐሙስ ዕለት ለቀጠሮ ወሰድኳት። ሐኪሙ ሚዛን ላይ አቆማትና ቁጥሩን ካርዷ ላይ ጻፈ። ከዚያ፣ «እናቴ፣ ሰኞ ይመለሱ። ከዚህ ከወረዱ ግን አስተኝቼ በግሉኮስ ነው የምይዝዎት» አላት። እናቴ ከሚዛኑ ወርዳ ነጠላዋን መልሳ ለበሰች። አባቴ ሆስፒታል ገብቶ አልወጣም፤ ከዚያ ወዲህ እሷ ሰው ለመጠየቅ ስትሄድ እንኳ ከበሩ ላይ ነው የምትመለሰው። ኮሪደሩ ላይ ስንደርስ ክንዴን ያዘችና በዝቅተኛ ድምፅ፣ «አልተኛም። ነግሬሻለሁ» አለችኝ።

ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ መልሶ ጠርቶኝ ነበር። «ኮምጠጥም ጣፈጥም የሚል ነገር ሞክሪላት። ሌላው ጣዕም ሳይመለስ እሱ ቀድሞ የሚመለስላቸው ሰዎች አሉ» አለኝ። እስከ ሰኞ ሦስት ቀን ነበረኝ፤ ከሦስቱ አንዱ ዓርብ ነው፣ እናቴ ደግሞ ታማም ቢሆን ዓርብን አትበላም።

የትኛውን ምግብ እንደምሠራ ለማወቅ ብዙ አላሰብኩም። የምሠራበት ክሊኒክ ውስጥ የነበረች አንዲት የውጭ አገር ሐኪም ወደ አገሯ ስትመለስ ስሎው ኩከሯን ለእኔ ትታልኝ ሄዳለች። ወፍራም የሸክላ ድስት በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ውስጥ ተቀምጦ፣ ከጠዋት እስከ አመሻሽ ቀስ እያለ የሚያበስል ዕቃ ነው። አንድ ቀን ቢሮዋ ውስጥ በማርና በአቼቶ የሠራችውን ዶሮ አቅምሳኝ ነበር፤ አሠራሩን በወረቀት ጽፋ ድስቱ ውስጥ አስቀምጣልኛለች። እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ አልሠራሁበትም። እናቴ ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ ባየችው ቁጥር ታሾፍበታለች። «ስምንት ሰዓት ሙሉ ምን እያሰበ ነው? ድስት ነው ወይስ ሽማግሌ?» ትላለች።

ቅዳሜ ጠዋት አንዲት የሐበሻ ዶሮ ገዛሁ። የፈረንጇ በሁለት ሰዓት ትፈራርሳለች፤ ስምንት ሰዓት የምትችለው የእኛዋ ናት ብዬ ነው። የቀረኝ ማረድ ነበር፤ ለእኔ ከሁሉም የከበደው እሱ ነው። ቤታችን ውስጥ ወንድ የለም። ወንድ የሌለበት ቤት ደግሞ ሴቷ ዶሮና ቢላ ይዛ በር ላይ ትቆምና የሚያልፈውን ሰው ትለምናለች። እናቴ ይህንን ስታደርግ ያየኋት ሁልጊዜ እየሳቀች ነው። እኔ ግን ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ አንድ ፌርማታ አልፌ የምወርድ ሰው ነኝ።

በሩ ላይ ቆምኩ። የሚያርደው ክርስቲያን መሆን አለበት፤ እናቴ በሥላሴ ስም ያልታረደ ሥጋ አትቀምስም። ነገር ግን መንገደኛን «ይቅርታ፣ ሃይማኖትዎ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ እንዴት ይሆናል? ስለዚህ አንገት አንገታቸውን ማየት ጀመርኩ፣ ማተብ ካለ ብዬ። የመጀመሪያው ሰውዬ ሸሚዙን እስከ ጉሮሮው ቆልፎታል። ሁለተኛው ሻርፕ ጠምጥሟል። ሦስተኛው ማተብ ነበረው፤ ግን በስልክ እየተጨቃጨቀ ነበርና አልደፈርኩም። ዶሮዋ ብብቴ ስር ሆና እሷም ከእኔ ጋር አላፊውን ታያለች። አራተኛው ሲሚንቶ የነካው ቱታ የለበሰ፣ ጥቁር ክሩ በግልጽ የሚታይ ጎልማሳ ነበር። አጠገቤ ሲደርስ ዶሮዋን ዘረጋሁለት።

«ልትሰጪኝ ነው?» አለ።

«እ... ማለቴ... እንዲያርዱልኝ ነበር።»

ቢላውን ተቀብሎ በአውራ ጣቱ ሞከረው። «ይሄ ቢላ ነው ማንኪያ?» አለና አጥራችን ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ አፋጨው። ጫማውን ክንፏ ላይ አሳረፈ፣ «በስመ አብ» ብሎ ባረከና ቆረጠ። በጆግ ውኃ አፈሰስኩለት፤ እጁን ታጥቦ፣ «ሲበስል ሽታውን እከተላለሁ» ብሎኝ ሄደ። ዶሮዋን ይዤ ገባሁ። ከባዱ ያለፈ መስሎኝ ነበር።

ፍሪጃችን ከተበላሸ ወር አልፎታል። ከግድግዳው ወዲያ ያለችው ጎረቤታችን፣ ባሏ ዊንጌት ሱቅ ያለው የወሎ ሰው፣ «ፍሪጄ እያለ ሥጋ ይበላሻል እንዴ?» ብላ የእኛንም ታስቀምጥልናለች። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ጎረቤቶች ነን። እናቴ ስትታመም አልጋዋን ያነጠፈችው፣ ማታ ማታ ከእኔ ጋር ተራ ገብታ የጠበቀቻት እሷ ናት። በሁለቱ ቤቶች መካከል የማይሻገር ነገር ሥጋ ብቻ ነው፤ እነሱ በክርስቲያን እጅ የታረደ አይበሉም፣ እኛም በሙስሊም እጅ የታረደ አንበላም። ስለ እሱ ተነጋግረን አናውቅም። ድግስ ሲኖር ድስቱ ይለያል፣ ማጨለፊያው ይለያል፣ በቃ።

በዚያው ቅዳሜ ጎረቤታችንም ለእሑድ ማታ እንግዳ ስለነበረባት ባሏ ዶሮ አርዶላት ነበር። ግቢው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ላባ ነጨን። እኔ የእኔዋን በጥቁር ፌስታል ከትቼ፣ ጆሮውን ቋጥሬ ሰጠኋትና ፍሪጇ ውስጥ አስገባችልኝ።

እሑድ ሊነጋጋ ሲል ተነሣሁ። የጎረቤታችን በር ለእኔ ተብሎ ሳይቀረቀር አድሯል። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ሶላት ላይ ነበረች፤ በእግር ጣቴ አለፍኩና ፍሪጁን ከፍቼ ፊት ለፊት ያገኘሁትን ፌስታል ይዤ ወጣሁ። ቤት ደርሼ በመቀስ ቀደድኩት። ሐሳቤ ሁሉ ወረቀቱ ላይ ነበር።

ዶሮዋን በጨውና በሎሚ ስንት ጊዜ እንዳጠብኳት አልቆጠርኩም። ወረቀቱ ላይ ስለ ማጠብ አንድም ቃል የለም፤ ይህንን ለእናቴ ባነብላት ኖሮ ቀሪውን መስማትም አትፈልግም ነበር። ስገነጥላት እናቴ አልጋዋ ላይ ተደግፋ ታየኝ ነበር።

«ስንት ሆነች?» አለችኝ።

«አሥራ አንድ።»

«አሥራ ሁለት ነው ብልቱ። አንዷ የት ሄደች?»

«እማዬ፣ ይሄ ወጥ አይደለም።»

«ወጥ ባይሆንስ? ዶሮዋ ታውቃለች?»

ቀይ ሽንኩርት በትልልቁ ቆርጬ ከሥር ነሰነስኩ። ብልቶቹን ደረደርኩበት። አንድ ስኒ ማር፣ ግማሽ ስኒ አቼቶ፣ የአንድ ብርቱካን ጭማቂ፣ ሁለት ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ጨው፤ ሁሉንም ቀላቅዬ አፈሰስኩባቸው። በርበሬ የለም፣ ቅቤ የለም። እናቴ ይህንን ስትሰማ ዓይኗን ጨፈነች። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ክዳኑን ገጥሜ ሰካሁት። መብራት እንዳይሄድብኝ ደግሞ ጸለይኩ። አራት ሰዓት ላይ አንዴ ሄዶ በአሥር ደቂቃው ተመለሰ።

ሰባት ሰዓት ገደማ እናቴ ከአልጋዋ ላይ ራሷን ቀና አደረገች። «የሆነ ነገር ሸተተኝ» አለች።

«ምን?»

«እኔ እንጃ። የሚኮመጥጥ ነገር። አፍንጫዬን ወጋ አደረገኝ።»

ከታመመች ጀምሮ አንድም ነገር ሸቷት አያውቅም። ፊቴን አዞርኩ፤ ደስታዬን ካየች የምትተወው መሰለኝ። የሆነ ነገር መሥራት ስላለብኝ ቆሻሻውን ልደፋ ባልዲውን አነሣሁ። ከሽንኩርቱ ልጣጭ ላይ ጠዋት የቀደድኩት ፌስታል ነበር። ጥቁር ፌስታል፣ እሱ ላይ የተደረበ ሌላ ሰማያዊ ፌስታል፣ አፉ ላይ የተጠመጠመ ነጭ ክር።

እኔ ክር አላሰርኩም። ሰማያዊ ፌስታልም አልነበረኝም።

ባልዲውን መሬት አስቀመጥኩት። በሥራዬ የደም ናሙና የምመረምር የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ። በቀን ስንት ብልቃጥ ላይ የሰው ስም እጽፋለሁ፤ ስም ሳይጻፍበት አንድም ብልቃጥ ከእጄ አይወጣም። ሁለት ዶሮ ግን አንድ ፍሪጅ ውስጥ አስገብቼ ምንም ሳልጽፍ ተኛሁ። የወሰድኩት የእነሱን ነው አልኩ በሆዴ። በሙስሊም እጅ የታረደች ዶሮ ለእናቴ እያበሰልኩ ነው። የእኛዋ ደግሞ እዚያ ፍሪጅ ውስጥ ሆና የጎረቤታችንን እንግዶች እየጠበቀች ነው።

ዝም ማለት ይቻል ነበር። ይህንን ያሰብኩት አንዴ ብቻ አይደለም። ሥጋው ሲበስል ልዩነት የለውም፣ እናቴም አታውቅም፣ ሰኞም ነገ ነው። ነገር ግን ለዓመታት፣ አሁን አልጋ ላይ ሆና ሳይቀር፣ ዓርብን የጾመችን ሴት ሳታውቅ አበላኋት ብዬ ደግሞ ነገ አጠገቧ እንዴት እቀመጣለሁ? ጎረቤታችንስ? ለእሷ ልጆች፣ ለእሷ እንግዶች?

«ሱቅ ደርሼ ልምጣ» አልኩ።

«ምን ጎደለ?» አለች እናቴ።

«ጨው» አልኩ። ውሸቴን ነበር።

ጎረቤታችን እሑድ እሑድ ባሏን ሱቅ ታግዛለች። እስከ ዊንጌት ድረስ በእግሬ ሄድኩ፤ ታክሲ ብይዝ ቶሎ እደርሳለሁ ብዬ ፈራሁ መሰለኝ። ሱቁ በሰው ተሞልቶ ነበር። አንዲት ሴትዮ ዘይት ታስቀዳለች፣ አንድ ሰውዬ የስልክ ካርድ ይጠብቃል፣ ባልየው ስኳር ይመዝናል። ሰው እስኪቀንስ ጥግ ይዤ ቆምኩ። ሰው አልቀነሰም።

ጎረቤታችን ከባንኮኒው ጀርባ አየችኝ። «አንቺ ልጅ፣ ምነው? እናትሽ ደኅና አይደለችም?»

«ደኅና ናት፣ እትዬ።»

«ታዲያ ፊትሽ ምን ሆኗል?»

«ዶሮዋ...»

«ዶሮዋ ምን ሆነች?»

ድምፄን ዝቅ አደረግሁ፤ ዝቅ ባደረግሁት መጠን ሱቁም አብሮኝ ጸጥ አለ። «ተሳስቼ የእርስዎን ሳልወስድ አልቀረሁም።»

ባልየው ስኳር ማፍሰሱን ተወ። «የታረደችዋን?»

«አዎ። ከጠዋት ጀምሮ እየበሰለች ነው።»

ዘይት የምታስቀዳው ሴትዮ አማተበች። የስልክ ካርድ የሚጠብቀው ሰውዬ፣ «ቆይ፣ ማን የማንን በላ?» አለ።

«ገና ማንም አልበላም» አልኩት። ለማላውቀው ሰው ያንን ያህል ረጅም ዐረፍተ ነገር ተናግሬ የማውቅ አይመስለኝም።

ጎረቤታችን ግን አልደነገጠችም። «በምን ነበር የታሰረችው?» አለችኝ።

«በነጭ ክር። ሁለት ፌስታል ነበር፣ አንዱ ሰማያዊ። እኔ ግን በአንድ ጥቁር ፌስታል ብቻ ነበር የሰጠሁዎት። ክርም አላሰርኩበትም።»

ለአፍታ አየችኝና የሩዝ ጆንያ ላይ ቁጭ ብላ መሳቅ ጀመረች። ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ትስቃለች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። «ወላሂ ይቺ ልጅ» አለች። «ክሩን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ማታ ፍሪጁን ስከፍት ፌስታልሽ ታችኛው ጠርዙ ላይ ተቀዷል። ደሟ እኛዋ ላይ ቢንጠባጠብስ ብዬ ሌላ ፌስታል ደረብኩና በክር አሰርኩልሽ። ጠዋት ልነግርሽ ነበር፣ እንደ ድመት ገብተሽ ወጣሽ።»

«የእናንተዋስ?»

«የእኛዋ በትሪ ነው ያለችው፣ ከታች፣ ክዳን አለባት። አብሽሪ።»

«ላቦራቶሪ የምትሠራው ማን ናት? አንቺ ነሽ እሷ?» አለ ባልየው ስኳሩን መልሶ እየመዘነ።

«ዘይቴን ስጡኝ እንግዲህ» አለች ሴትዮዋ፤ እሷም ትስቅ ነበር።

ጎረቤታችን ቁልፏን ከወገቧ ፈትታ እጄ ላይ አኖረችው። «አውቅሻለሁ፣ በዓይንሽ ሳታዪ አይሆንልሽም። ሂጂና እዪ።» ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ፣ ሌላው እንዳይሰማ፣ «የእኛዋ ብትሆን ምን ልታደርጊ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እደፋት ነበር።»

«እናትሽስ? ሰኞ ነው አይደል ሚዛኑ?»

«አዎ። አላውቅም።»

ጉንጬን በመዳፏ መታ መታ አደረገችና ወደ ደንበኞቿ ተመለሰች።

መመለሻው ላይ ሮጥኩ ማለት ይቻላል። የጎረቤታችንን በር ከፍቼ ፍሪጁ ፊት ተንበረከክሁ። ከታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ በአሉሚኒየም ትሪ፣ ክዳን ተደፍቶባት፣ የእነሱ ዶሮ ነበረች፤ ሌላ ፌስታል አልነበረም። ክዳኑን ሁለቴ ነው ያነሣሁት። ከዚያ መሬት ላይ፣ የፍሪጁን በር እንደከፈትኩ፣ ቅዝቃዜው ፊቴ ላይ እየነፈሰ ትንሽ ተቀመጥኩ። ዕንባዬ መጣ፣ ሳቄም መጣ፤ የትኛው እንደቀደመ አላስታውስም።

ቤት ስገባ እናቴ፣ «ጨው ለማምጣት ጎንደር ሄድሽ?» አለችኝ። ጨው አልገዛሁም ነበር። አላስተዋለችም፤ ወይም አስተውላ ተወችኝ።

አሥር ሰዓት ሲሆን ክዳኑን አነሣሁ። ሥጋው በማንኪያ ሲነካ ከአጥንቱ ይላቀቃል፤ መረቁ ወፍሮ የጥቁር ሻይ መልክ ይዟል። ሩዝ ቀቅዬ ነበር። አንድ ፈረሰኛ ሳህኗ ላይ አደረግሁና መረቁን አፈሰስኩበት። አጠገቧ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ እንዳላፈጥባት ብዬ ተነሥቼ መስኮቱን ከፈትኩ።

ትንሽ ቆርጣ ጎረሰች። አላመጠች። ለረጅም ጊዜ አላመጠች። የምትተፋው መሰለኝ።

«ይኮመጥጣል» አለች።

ዞር አልኩ።

«አቼቶ አብዝተሽበታል። ዝንጅብሉም በደንብ አልተወቀጠም፣ ጭረቱ ጥርሴ ውስጥ ገባ።» ደግማ ጎረሰች። «ማሩ ግን ጥሩ ማር ነው። ከየት ነው የገዛሽው?»

ነገርኳት። ስለ ማሩ ብዙ ጠየቀችኝ፤ ሁሉንም እየመለስኩ እጇን እመለከት ነበር፤ እጇ ከሳህኑ ወደ አፏ ይመላለሳል። ፈረሰኛውን ጨርሳ አጥንቱን መጠጠች። ሳህኑን በሁለት ጣቷ ወደ እኔ ገፋችው፤ በቃት ብዬ ላነሣው ስል፣ «ክንፏን አምጪ እስቲ» አለችኝ። ክንፏን በላች። ሩዙን አልጨረሰችም፤ «ሩዙ እንደ ድሮው እንጨት ነው» አለች። ግድ አልሰጠኝም።

ሲመሽ ስለ ፌስታሉና ስለ ሱቁ ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ በስመ አብ አለች። ከዚያ ለምን ጨው እንዳልኳት ጠየቀችኝ። ከዚያ ደግሞ ጎረቤታችን ጆንያ ላይ ተቀምጣ እንዴት እንደሳቀች ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ግድግዳውን በጣቷ መታችና፣ «ክር አሳሪዋ፣ እንግዶችሽ በሉ?» ብላ ተጣራች። ከወዲያ በኩል የሰው ጫጫታና የሳህን ድምፅ ይሰማ ነበር። «በሉ፣ አልሃምዱሊላህ» የሚል መልስ መጣ፤ «አንቺስ?»

«ፈረሰኛና ክንፍ» አለች እናቴ፣ ፈተና እንዳለፈ ተማሪ።

ሰኞ ጠዋት ሚዛኑ ላይ ስትወጣ ነጠላዋን እንኳ አላወለቀችም፤ እኔም እንድታወልቅ አልነገርኳትም። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አየ። እኔም በትከሻው ላይ አየሁ። ያው የሐሙሱ ቁጥር ነበር፣ ምናልባት በነጠላዋ ክብደት ከፍ ያለ።

«አልወረዱም» አለ ሐኪሙ። «ምን በሉ?»

«ዶሮ» አለችው እናቴ። «አቼቶ የበዛበት።»

«ይብዛ። ይቀጥሉበትና በሁለት ሳምንት አይዎታለሁ።» ካርዱ ላይ ጽፎ ለእኔ ሰጠኝ።

ኮሪደሩ ላይ የአልጋ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። እናቴ ወደ እነሱ አላየችም፤ ክንዴን ይዛ ፈጠን ፈጠን እያለች ወጣች። በሩን ካለፍን በኋላ ቆመች፣ ትንፋሿን ሰበሰበች።

«ከትናንቱ ተርፏል?» አለችኝ።

«ስምንት ብልት አለ። ጎረቤት ፍሪጅ ውስጥ ነው። ስም ጽፌበታለሁ።»

«እንግዲያው ምን ቆመናል?» አለችና የታክሲው ረዳት ወደሚጣራበት እኔን ቀድማኝ ሄደች።